መጀመሪያ ለወንዙ መንገድ፣ ከዚያ ቤት፦ የቶሮንቶው ዶን ወንዝ ጉዳይ

ቶሮንቶ የሚኖር አበሻ ዶን ወንዝን በስሙ ባያውቀው እንኳ በዓይኑ ያውቀዋል። ዳንፎርዝ ላይ ክትፎውን በልቶ በሰብዌይ ወደ ዳውንታውን ሲመለስ፣ ባቡሩ ከዋሻው ብቅ ብሎ ረጅሙን ድልድይ ሲያቋርጥ ከታች በዛፎቹ መሀል የሚታየው ቡናማ ውሃ እሱ ነው። ርዝመቱ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓባይን ለሚያውቅ ሰው ወንዝ ብሎ መጥራቱም ይከብዳል።

ሲቆጣ ግን ሌላ ነው። ጁላይ 8 ቀን 2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የቶሮንቶው ፒርሰን ኤርፖርት ላይ 126 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ። በወንዙ ዳር የሚሄደው፣ ጎ (GO) የሚባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር 1,400 ያህል ሰው እንደጫነ ውሃ መሀል ቆመ። ፖሊስ በጀልባ እያመላለሰ ነው ያወጣቸው፤ ሰዓታት ፈጀ። ጁላይ 2024 ላይ ደግሞ ተደገመ። ወደ 98 ሚሊ ሜትር ዘነበ፣ የዶን ቫሊ አውራ ጎዳና ሐይቅ መሰለ፣ የራፐሩ የድሬክ ቤት ሳይቀር ውሃ ገባበትና ቪዲዮውን ራሱ ለጠፈው።

የዛሬው ወሬዬ ግን ወንዙ ኦንታሪዮ ሐይቅ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ስለተሠራው ሥራ ነው። ከተማዋ እዚያ አዲስ ሰፈር መሥራት ፈለገች። መሬቱ ደግሞ ጎርፍ የሚተኛበት መሬት ነው። መፍትሔ የተባለው አፈር ከአንዱ ቦታ ቆርጦ ሌላው ላይ መሙላትና ረግረግ መሥራት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። 1.25 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ተመደበለት፣ እሱም አልበቃም።

ረግረጉ የት ገባ?

ወንዙ ሐይቁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ድሮ ትልቅ ረግረግ ነበር። አሽብሪጅስ ቤይ ይባላል። በታላላቆቹ ሐይቆች ዳርቻ ከነበሩት ሰፋፊ ረግረጎች አንዱ ነው። ወንዙ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ይበርዳል፣ ይዘረጋል፣ ያመጣውን ደለል ያራግፋል። ዓሣው ይራባል፣ ወፉ ይሰፍራል። በረዶ ቀልጦ ውሃው ቢሞላም ችግር የለም፤ መስፊያ ቦታ አለው።

ከዚያ ከተማው መጣ። በ1880ዎቹ የወንዙ የታችኛው ክፍል ለባቡርና ለፋብሪካ እንዲመች ቀጥ ተደርጎ እንደ ቦይ ተሠራ። ከ1912 ዕቅድ በኋላ ደግሞ የወደብ ኮሚሽኑ ረግረጉን መሙላት ያዘ። የወደቡን ወለል እየጠረጉ ያወጡትን አሸዋና ጭቃ፣ ከከተማ የመጣውን ፍርስራሽና ቆሻሻ ጭምር እየደፉ መሬት ሠሩ። ዛሬ ፖርት ላንድስ የሚባለው ሰፈር ያ ሙሌት ነው። ወንዙስ? መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ኪቲንግ ቻናል በሚባል ግንብ ለግንብ ቦይ በኩል ወደ ወደቡ እንዲገባ ተደረገ። በከተማው መሐንዲስ ስም የተሰየመ ቦይ ነው።

ይቺን እጥፋት ልብ በሉልኝ። የችግሩ ግማሽ እዚህ ነው ያለው። ከላይ ሲንደረደር የመጣ ውሃ ድንገት ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲገጥመው ፍጥነቱ ይወድቃል። ፍጥነቱ ሲወድቅ የተሸከመውን ደለል እዚያው ይጥላል። ግንድ ይመጣል፣ በክረምት የበረዶ ግግር ይመጣል፣ እጥፋቷ ላይ ይሰነቀራል። ቦዩ ደግሞ ራሱን አያጸዳም፤ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች ሜትር ኩብ የሚቆጠር ደለል በማሽን ሲወጣለት ነው የኖረው። ስለዚህ ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በቦዩ በኩል መውጣት አይችልም፣ ወደኋላ ይተኛል፣ ከዚያ በግራም በቀኝም ይፈስሳል። በምሥራቅ ወደ ሌስሊቪል፣ በደቡብ ወደ ፖርት ላንድስ፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ዳውንታውን፣ ያ ሁሉ ባንክና ፎቅ ወዳለበት።

ላይኛው ተፋሰስም አይረዳም። ወደ 360 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው መሬት አብዛኛው ቤት፣ አስፋልትና የመኪና ማቆሚያ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። የዘነበው ሁሉ በቱቦ ተሰብስቦ በሰዓታት ውስጥ ወንዙ ላይ ይደፋል።

ብክለቱን አልዘረዝረውም። ብቻ በ1969 ፖሉሽን ፕሮብ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ቡድን ለወንዙ የቀብር ሥነ ሥርዓት አድርጎለት ነበር። እውነት ነው፣ ሬሳ ሳጥን ሳይቀር ተይዞ።

የሄዝል ደንብ

በዚህ አገር ስለ ጎርፍ የሚያወራ ሁሉ ሳይጠራት የማያልፈው ስም ሄዝል ነው። በኦክቶበር 1954 የመጣችው ሀሪኬን ሄዝል ናት። በኦንታሪዮ 81 ሰው ገደለች። ከነዚህ 35ቱ ሬይሞር ድራይቭ በሚባል አንድ መንገድ ላይ ይኖሩ ነበር። መንገዱ ዶን ሳይሆን ሌላው የቶሮንቶ ወንዝ፣ ሃምበር ዳር ነበር። አንድ ሌሊት ነው የወሰደው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። የወንዝ ሸለቆዎቹን ገዝቶ ከቤት ነፃ የሚያደርግ፣ በጎርፍ መሬት ላይ መገንባትን የሚቆጣጠር የአካባቢ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ቶሮንቶ መሀል ያን ያህል ጫካና የእግር መንገድ ያለው በከፊል በሄዝል ምክንያት ነው። ደንቡ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የሄዝል ዝናብ ዛሬ እዚህ ተፋሰስ ላይ ቢወርድ ውሃው እስከ የት ይደርሳል? እዚያ መስመር ውስጥ ከሆንክ እንደፈለግክ አትሠራም።

ፖርት ላንድስ መስመሩ ውስጥ ነው። ከዳውንታውን በእግር የሚደረስ፣ ሐይቅ የሚያይ፣ በኪራይ ዋጋ ሰው በሚያለቅስበት ከተማ ውስጥ ያለ መሬት። የነዳጅ ታንከር፣ የጨው ክምርና የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቀረ።

አፈር ከምሮ መከላከል፣ እና ጎረቤት

በወንዙ ምዕራብ ዌስት ዶን ላንድስ የሚባል 32 ሄክታር ገደማ ቦታ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኦንታሪዮ መንግሥት አታራቲሪ የሚል ስም ሰጥቶ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች እሠራለሁ ብሎ መሬቱን ሰበሰበ። ፋብሪካዎቹ ተነሡ፣ ሕንፃዎቹ ፈረሱ። ከዚያ የአፈሩ ብክለትና የጎርፍ መከላከያው ወጪ ተደማምሮ ሲመጣ፣ በላዩ ላይም የቤት ገበያው ሲወድቅ፣ በ1992 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ። መሬቱ ባዶውን ዓመታት ተቀመጠ። ቤቱን አስቀድሞ ጎርፉን በኋላ ማሰብ የሚያመጣው ይሄንን ነው።

በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። በ2001 ሦስቱ መንግሥታት፣ ማለት ፌዴራሉ፣ ክፍለ ሀገሩና ከተማው፣ ዋተርፍሮንት ቶሮንቶ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ከቤቱ በፊት የአፈር ክምሩ ተሠራ። ግንብ ወይም ግድግዳ እንዳይመስላችሁ። በጣም ሰፊ፣ ተዳፋቱ የለዘበ፣ ሲሄዱበት ኮረብታ መሆኑ እንኳ የማያስታውቅ ክምር ነው። ውስጡ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ነው፣ ላዩ ፓርክ። ኮርክታውን ኮመን ይባላል፣ 7.3 ሄክታር ገደማ ነው፣ በ2013 ተከፈተ። ያቺ ኮረብታ የምትጠብቀው 210 ሄክታር ያህል የምሥራቅ ዳውንታውን መሬት ነው። ሰው ውሻውን ያንሸራሽርባታል፤ ባንኮቹን እየጠበቀች እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ስፋቷ ለምን አስፈለገ? ቀጭን ግንብ አንድ ቦታ ከተበሳ አለቀለት። የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል፣ በር ካለው በሩን የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። ሰፊ የአፈር ክምር ግን ማንም ሳይነካው ቆሞ ይከላከላል። ውሃ ላዩን ቢልሰውም ቶሎ አይናድም። ስለዚህ በሸክላው ውስጥ ቱቦ አይተላለፍም፣ ምሰሶም አይተከልም። ፓርኩን የነደፉት የማይክል ቫን ቫልከንበርግ ቢሮ ባለሙያዎች በከተማው በኩል ባለው ጎን ላይ ትንሽ ረግረግ ሠሩ። ልጆች የሚረጫጩበት ውሃና የዝናቡ ውሃ ተሰብስቦ እዚያ ይጣራል፣ ከዚያ ተክል ይጠጣዋል። በወንዙ በኩል ያለው ጎን ደግሞ ጎርፍ ቢያጥበው የማይከፋው ሣርና ዛፍ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ምዕራቡን ዘጋህ። ወደዚያ ይሄድ የነበረው ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ጎረቤት ነዋ! ሳይት ላይ የሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ አያወራውም። ጎርፍ በሚተኛበት መሬት ላይ አንድ ገልባጭ መኪና አፈር በደፋህ ቁጥር የጎረቤትህን ውሃ ከፍ አድርገሃል። እኛም አገር ረግረጉን በገረጋንቲ ደልድሎ ቤት የሠራ ሰው ክረምት ሲመጣ እሱ ደረቅ ሆኖ የታችኛው ሰፈር ሲዋኝ አይተናል። እዚህ ያደረጉት፣ ክምሩን ከመሥራት ጋር ወንዙን የሚያቋርጠውን የባቡር ድልድይ አስረዘሙት። ከሥሩ ተጨማሪ ክፍት ቦታ ተገኘ፣ ውሃው በዚያ በኩል አለፈ፣ የክምሩ ጉዳት በዚያ ተካካሰ።

ድልድይ ማስረዘም ግን ምሥራቁንና ደቡቡን አያደርቅም። ምዕራቡ ተጠበቀ፣ ቤቶቹ ተሠሩ፣ የ2015 የፓን አም ጨዋታዎች አትሌቶች ሰፈሩባቸው። የኪቲንግ ቻናል እጥፋት ግን እዚያው ነበር።

ለወንዙ አዲስ መውጫ

በ2007 ለታችኛው ዶን ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ተደረገ። አሸናፊው ያው የቫን ቫልከንበርግ ቢሮ ነው። ሐሳቡ ሲነገር ዕብደት ይመስላል፦ ወንዙ ተጣጥፎ በቦይ ከሚወጣ፣ በፖርት ላንድስ መሀል ለመሀል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ የወንዝ ሸለቆ እንቆፍርለት። ቦይ ሳይሆን እየተጠማዘዘ የሚሄድ ወንዝ፣ ከነረግረጉ።

ፖለቲካው ሳይገባበት አልቀረም። በ2011 የያኔው የከተማ ምክር ቤት አባል ዳግ ፎርድ፣ የከንቲባው ወንድም፣ ዕቅዱን ትታችሁ ትልቅ የገበያ አዳራሽ፣ ሞኖሬይልና ግዙፍ የፌሪስ ዊል እንሥራበት አለ። ሕዝቡ ተነሣ፣ ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። ሰውየው በ2018 የኦንታሪዮ ፕሪሚየር፣ ማለት የክፍለ ሀገሩ መሪ ሆነ፣ ወንዙም በሱ ዘመን ተቆፈረ። እኔ ይህ ግርግር ሙሉ በሙሉ ጎድቶታል አልልም። ዕቅዱ እንደገና ተከልሶ በደረጃ በደረጃ የሚሠራ እንዲሆን ያስገደደው እሱ ነው፤ ምናልባት ገንዘቡ የተገኘውም ለዚያ ይሆናል። በ2015 መጀመሪያ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ጸደቀ። በጁን 2017 ሦስቱ መንግሥታት እኩል አዋጥተው 1.25 ቢሊዮን ዶላር እንሰጣለን አሉ። በየፊናቸው የሚነታረኩ ሦስት መንግሥታት እኩል ሲያዋጡ በየቀኑ አይታይም።

አዲሱ ሸለቆ እንዴት እንደተቆረጠ ላሳያችሁ። ከወንዙ መሀል ተነስታችሁ ወደ ከተማው እየተራመዳችሁ እንደሆነ አስቡ። መጀመሪያ ጥልቁ ክፍል አለ፣ ወንዙ በአዘቦት ቀን የሚሄድበት። ከዚያ መሬቱ ከፍ ይልና ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ያለው ረግረግ ይመጣል። ከዚያ ዳርቻው፣ ግንድና ሥር ተቀብሮበት እንዳይናድ የተደረገ። ከዚያ ዛፍ ያለው ሰፊ ሜዳ፣ በአዘቦት ፓርክ፣ በጎርፍ ቀን ወንዝ። በመጨረሻ ተዳፋቱን ወጥታችሁ ከፍ ያለው መሬት ላይ ትደርሳላችሁ። ቤት የሚሠራው እዚያ ነው። ከሸለቆው የወጣው አፈር፣ ለመጠቀም የሚሆነው፣ ያንን መሬት ከፍ ለማድረግ ዋለ። ቆረጣውና ሙሌቱ አንድ ሥራ ነው፤ ወንዙን ዝቅ፣ ሰፈሩን ከፍ።

መውጫውም አንድ ብቻ አይደለም። አዲሱ ወንዝ አለ። አሮጌው ኪቲንግ ቻናል አልተደፈነም፣ ጎርፍ ሲመጣ እንዲያግዝ ቀርቷል። ሦስተኛ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ መርከብ ቦዩ የሚወርድ ሰፊ አረንጓዴ ማስተንፈሻ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሣርና ረግረግ ነው፣ ወንዙ ሲሞላ ውሃ ይሄድበታል። አንዱ ቢዘጋ ሌሎቹ አሉ። ከዚያ አንድ እጥፋት ላይ ከመንጠልጠል ጋር አወዳድሩት።

ቁፋሮው ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። መሬቱ መቶ ዓመት ነዳጅና የድንጋይ ከሰል የጠጣ ነው። ቆፍረህ ውሃ ብትለቅበት መርዙን ወደ ሐይቁ ወሰድከው ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሸለቆው ዳርና ዳር ከመሬት በታች እስከ ዓለቱ የሚወርድ ግድግዳ ተሠራ፣ በጫፍና በጫፉ አፈር ሳይነካ እንደ ውታፍ ተተወ፣ መሀሉ በደረቁ ተቆፈረ። ከ1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አፈር ነው የወጣው። የተቆፈረው ሁሉ ወለሉ ላይ ሸክላ ያዘለ ምንጣፍና ወፍራም ፕላስቲክ ተነጠፈበት፣ ከዚያ አሸዋ፣ ድንጋይና ንጹሕ አፈር። ከላይ ሲያዩት የዱር ወንዝ ነው። ከሥሩ ያለው ግን እንደ ገንዳ የታሸገ ነገር ነው። ይሄ ደስ የማይላቸው ሰዎች አሉ፣ "ተፈጥሮ ነው አትበሉን" ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ያንን መርዝ ሁሉ ጭኖ ሌላ አገር መድፋትም መፍትሔ አይመስለኝም።

ድልድዮቹም አዲስ ናቸው። ኖቫ ስኮሺያ ተሠርተው በመርከብ ነው የመጡት። ረጅምና ከፍ ያሉ የሆኑት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጎርፉ ከነግንዱ ከሥራቸው ማለፍ አለበት። በ2024 ውታፎቹ ተነሡና ዶን ወንዝ በአዲሱ መንገዱ ፈሰሰ።

ረግረጉ ጎርፉን ይጠጣዋል?

ስለ ረግረግ ሲወራ ሁልጊዜ የሚመጣው ስፖንጅ ነው። ረግረግ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል ይባላል። ለትንሽ ዝናብ እውነት ነው። ለሄዝል ግን አይሠራም። ያን ጊዜ ስፖንጁ ቀድሞ ጠግቧል፣ ገና ከላይ የሚመጣው የ360 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ነው። እዚህ ያለው ወደ 13 ሄክታር የሚሆን ረግረግ ያንን አይውጠውም።

ጎርፉን የሚቀንሰው ስፋቱ ነው። ውሃው ሰፊ መተላለፊያ ስላገኘ ከፍታው ይወርዳል። የረግረጉ ሥራ ያ ስፋት ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በውሃ መዋጥ የለመደ ተክል ነው ያለበት፣ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ቀና ይላል፣ ማንም ካሳ አይጠይቅም። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ በጣም ፖለቲካዊ ጥቅም አለው፤ እኔ ይህን ነው ከሁሉ በላይ የማደንቀው። ባዶ መሬት ዳውንታውን አጠገብ ከተውክ ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ኮንዶሚኒየም ሊሠራበት ይመጣል። ሕዝብ የሚወደው፣ ልጅ የሚዝናናበት፣ ወፍ የሚጎበኝበት ፓርክ ካደረግከው ግን ማንም ደፍሮ አይነካውም።

የረግረጉን ከፍታ ማስተካከል ደግሞ የሴንቲ ሜትር ሥራ ነው። የኦንታሪዮ ሐይቅ ከፍታ ይወጣል ይወርዳል፤ በ2017 እና በ2019 በጣም ከፍ ብሎ የቶሮንቶ ደሴቶችን አጥለቅልቆ ነበር። ረግረጉ የሐይቁን ከፍታ ይከተላል። ትንሽ ዝቅ ካደረግከው ተክሉ ይሰምጣል፣ ትንሽ ከፍ ካደረግከው ይደርቅና ሌላ አረም ይወርሰዋል። ስለዚህ ወለሉ አንድ ወጥ አይደለም፣ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ሐይቁ የትም ቢቆም የሚመቸው ተክል እንዲኖር። በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ነው የተተከለው። ከዚያ ጠላት መጣ። ዝይዎቹ ለጋውን ተክል ገና ሳይይዝ ይግጡታል፣ ስለዚህ አጥርና ገመድ ተዘረጋ። ካርፕ የሚባለው ከውጭ የመጣ ዓሣ ደግሞ ጭቃውን እየቆፈረ ተክል ይነቅላል፣ ስለዚህ በረግረጎቹ መግቢያ ላይ ትንሹን ዓሣ የሚያሳልፍ ትልቁን ካርፕ የሚያግድ የብረት በር ተሠራ።

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይተክለው በቀለ። በ2021 ቁፋሮው ላይ ሠራተኞች ሜትሮች ወርደው አሮጌው የረግረግ አፈር ጋር ደርሰው ነበር፣ ያ ከመቶ ዓመት በፊት የተሞላው። ጥቁር አፈሩ ፀሐይ ሲያገኝ ላዩ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። የሚያውቁ ሰዎች ተጠርተው ሲያዩት ፊላና ቄጠማ መሰል የረግረግ ተክል ነው፣ ደረቅ ሳይት ላይ ምንም ሥራ የሌለው። ዘሩ ከሙሌቱ ሥር ተቀብሮ ኖሮ ነው። ተክሎቹ ተነሥተው ተጠበቁ፣ ዩኒቨርሲቲው አፈሩን ወስዶ መረመረው። እኔ ከቢሊዮኑ ዶላር ይልቅ ይሄ ነው የገረመኝ፤ በላዩ የነዳጅ ታንከር ተተክሎበት፣ ባቡር ሄዶበት፣ ያ ዘር ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

ያልፈታው ነገር

አሁን እንዳንታለል። ይህ ሥራ ተጠናቆ ሲያበቃ ከጎርፍ የሚያወጣው 240 ሄክታር ገደማ መሬት ነው፣ በወንዙ መጨረሻ ያለውን። የዶን ቫሊ አውራ ጎዳናን አያድነውም። ጎዳናው ከላይ፣ ሸለቆው ውስጥ ነው ያለው፣ ወንዙ የሚተኛበት ሜዳ ላይ። በ2024ቱ ዝናብ "ይሄ ሁሉ ቢሊዮን ወጥቶ መንገዱ ይሰምጣል?" ያለ ሰው ብዙ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን ያ ፕሮጀክት ለዚያ አልተሠራም ነው። ቤታችሁ ሥር ያለው ምድር ቤት በፍሳሽ ቱቦ በኩል ውሃ ቢገባበትም አዲሱ ወንዝ አይደርስላችሁም። ያ የቱቦና የአስፋልት ጣጣ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋጋው። የጥበቃው ወጪ ይህን ያህል የሚያስኬደው መሬቱ ውድ ስለሆነ ነው። ዳውንታውን አጠገብ ያልሆነ የድሃ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ሦስት መንግሥት እኩል አያዋጣለትም ነበር ብዬ አምናለሁ። አዲሱ ወንዝ ሲቆፈር አንድ ደሴት ተፈጥሯል፤ ቪሊየርስ አይላንድ ይባል ነበር፣ አሁን ኡክዌሚን ሚኒሲንግ የሚል የነባሩ ሕዝብ ቋንቋ ስም አለው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ታቅደውለታል። ከነዚህ ስንቱ ታክሲ የሚነዳና ሆስፒታል የሚያጸዳ ሰው የሚችለው ይሆናል? ያንን የሚወስነው አሁን በምክር ቤት የሚደረገው ክርክር ነው፤ አበሻውም ስብሰባው ላይ ቢገኝ ጥሩ ነው።

ፓርኩ ግን የሁሉም ነው። ቢዳሲጌ ይባላል፣ የመጀመሪያው ክፍል በጁላይ 2025 ተከፍቷል፣ መግቢያ አይከፈልም። ብትሄዱ መጫወቻውን ለልጆቹ ተዉላቸውና እናንተ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ሁለቱን ዳርቻ አወዳድሩ። ውሃው እስከ የት እንዲወጣ እንደተፈቀደለት በመሬቱ ቅርጽ ብቻ ታነቡታላችሁ። ተዳፋቱ የሚያበቃበት መስመር የሄዝል መስመር ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም።

ሥራው ደግሞ አላለቀም። ወንዙ ዛሬም ደለል ያመጣል፣ ልዩነቱ አሁን የሚራገፍበት የተዘጋጀ ቦታ መኖሩ ነው። ከአዲሱ ሸለቆ በላይ ውሃው እንዲያዘግም ሰፋ ተደርጎ የተቆፈረ ክፍል አለ፤ ደለሉ እዚያ ይሰበሰባል፣ ግንዱ እዚያ ይያዛል፣ ማሽን በየጊዜው ያወጣዋል። ይህ ወጪ ወንዙ እስካለ ይቀጥላል፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ብሮድቪውና ኢስተርን መንገዶች የሚገናኙበት አካባቢ እንደ ኮርክታውን ኮመን ያለ ሌላ የአፈር ክምር ታቅዷል። ኢስት ሃርበር የሚባለው የፎቅና የባቡር ጣቢያ ፕሮጀክት ከጎርፍ መስመሩ የሚወጣው እሱ ሲሠራ ነው።